ምነው ዘጋኸን?

ደብረ ማርቆስ ላይ ዝምተኛ ሆኖ መኖር ይቻላል። የማይቻለው ለዝምታህ ምክንያት አለማቅረብ ነው። ታመህ ነው? ከቤት ተጣልተህ ነው? ብር ተበድረህ ነው? ወይስ ንቀኸን ነው? ከእነዚህ አንዱን ፈጥነህ ካልመረጥክ ሰፈሩ ይመርጥልሃል፤ ሰፈሩ ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻዋን ነው የሚያነሣት። «ኧረ ምንም አልሆንኩ፤ እንዲሁ ነኝ» የሚል መልስ ተሰጥቶ የታመነበትን ቀን አላስታውስም። እንዲሁ ዝም ይባላል? ሰው ያለ ነገር ይተክዛል?

እኔ እንዲሁ ነኝ። እናቴ «ስትወለድ እንኳ ያለቀስኸው ቆንጥጠንኸ ነው» ትላለች። ሰው አልጠላም። እንዲያውም ሰው እወዳለሁ፤ ብቻ ከወደድኩ በኋላ ትንሽ ማረፍ አለብኝ።

ዝምተኛ ሰው ዘበኛ ቢሆን፣ መዝገብ ቤት ቢመደብ ወይም ንብ ቢያነብ ማንም ጉዳዬ አይለውም። እኔ የተቀጠርኩት ግን «የፈጠራ ሥራ» በሚባለው ውስጥ ነው። ከማርቆስ የማስታወቂያና የሕትመት ቤቶች በአንዱ ግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ። ባነር፣ ታፔላ፣ የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ቲሸርት፣ የሙት ዓመት ፎቶ፣ የዕቁብ ደብተር ሳይቀር ከእጃችን ይወጣል። ከውጭ ለሚያየው የአንድ ሰውና የአንድ ኮምፒውተር ሥራ ይመስላል። ከውስጥ ግን ሁሉም የየራሱን ማንኪያ ይዞ የሚመጣበት የድግስ ድስት ነው። ደንበኛው የሴት ልጁን የምርቃት ባነር ሊያሠራ ይመጣና ከጀርባዬ ይቆማል። «ሰማያዊውን ትንሽ ደመቅ አድርገው» ይላል። ካሜራ ማናችን ከማዶ «ሰማያዊ ምን ያደርጋል፣ ቀይ ይሁን!» ይላል። ሻይ የምታመጣው ልጅ ብርጭቆውን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጣ «ፎቶዋ ወደዚህ ዞር ቢል» ትላለች። ደንበኛውን ይዞት የመጣው የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ሒሳቡን እየጠበቀ በር ላይ እንደ ቆመ «ጽሑፉን ወርቃማ አድርገው፤ ወርቃማ ያምራል» ብሎ ይፈርዳል። እኔ ማውዙን ይዤ የሁሉንም ትእዛዝ በየተራ እፈጽማለሁ። ለእውነቱ ከሆነ የባጃጁ ሹፌር ብዙ ጊዜ ትክክል ነው።

ለየብቻ የሚቀመጡበት ክፍል የለም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ማርቆስን ያላወቀ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከበላይዋ ደግሞ 4,000 ሜትር ያለፈው ጮቄ አለ፤ ነፋሱን እየመረጠ ወደኛ ይልካል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ አደባባዩን ሲሸፍነው ሁለት ክፍል ያለው መሥሪያ ቤት አንዱን ዘግቶ ጀበናው ወዳለበት ይሰበሰባል። አዲስ አበባ ያሉት የቢሮ ግድግዳ ይፍረስ አይፍረስ ብለው ይከራከራሉ አሉ። እኛ ዘንድ ጉዳዩን ብርዱ ወስኖታል።

ከዚያ ሰላምታ አለ። ጠዋት ቀድሜ እገባለሁ፤ ዘዴዬ ነው፤ ብዙዎች ሳይደርሱ አንድ ካርድ ጨርሼ አገኛለሁ። ግን ቀድሞ የገባ ሰው በኋላ ለሚገባው ሁሉ መነሣት አለበት። «ኖር!» እላለሁ። «በእግዜር!» ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ሌላው ይመጣል። «ኖር!» «በእግዜር! እንዴት አደርኸ? ሰላም ነኸ? ቤት ደኅና? ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና?» የምኖረው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ያለኝ ቀንድ ከብት የቴሌቪዥኑ አንቴና ነው። ቢሆንም «ሁሉም ደኅና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። የሌለ ከብት የለም ብሎ ከማስረዳት ደኅና ነው ማለት ያጥራል።

የጆሮ ማዳመጫ ገዝቼ ነበር። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሰው አይነካም ሲባል ሰምቼ ነው። ምንም አልከፍትበትም፤ ሰክቼው ብቻ እቀመጣለሁ። ለጥቂት ጊዜ ሠራልኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዓሊያችን ከኋላዬ መጣና አንደኛዋን ከጆሮዬ ነቅሎ ከራሱ ጆሮ ሰካት። «ምን እየሰማኸ ነው?» አለ። ቆየ። ማዳመጫዋን አውጥቶ አያት፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፤ መልሶ ሰካት። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ይኼ እኮ ምንም የለውም!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ ሁሉ ዞረ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስለኔ የሚወራው ባዶ ማዳመጫ የሚያዳምጥ ሰው ተብሎ ነው። አንድ የሚያዝንልኝ ሽማግሌ ደንበኛ አለ፣ ጠበል እንድገባ በግል መክሮኛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የባሰ ነው። የፈጠራ ሥራ የሚሠራ ዝምተኛ ሁሉ መደበቂያው ስክሪኑ ነው። መብራት እንደ ሄደ ያ ግድግዳ ይፈርሳል። የባነር ማተሚያው ጩኸት ቆሞ የቀለሙ ሽታ ብቻ ይቀራል፤ ሁሉም ወንበሩን እየጎተተ ወደ መሐል ይመጣል፤ ቡና ይፈላል። ደግሞ እንደሌላው ቀን አንድ ስኒ ጠጥተህ አታመልጥም፤ ሥራ እንደሌለህ ሁሉም ያውቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጎድል መቀመጥ ነው። ወሬው ከኑሮ ውድነት ይጀምርና በሰው ትዳር በኩል ዞሮ ሲያበቃ፣ ማለቂያው ላይ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ያርፋል። «አንተ ግን ምነው ዘጋኸን?» የከተማው ሕዝብ መብራት ሲመጣ እልል የሚለው ለሚጣዱ ምጣዶች ነው። እኔ የምለው ለሌላ ነው።

ተረታችንማ ከኔ ጋር ነው። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሕዝብ፣ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለው ሕዝብ የኔ ወገን መሆን ነበረበት። ነገር ግን እነዚህን ተረቶች ሲናገር የሰማሁት ሰው ሁሉ ወሬኛ ነው። ዝምተኛማ ተረት ለመንገር እንኳ መቼ አፍ አለው።

ይህ ሁሉ ግን ስብሰባው ካልተጨመረበት ይቻላል። ባለቤቱ፣ ጋሼ እንለዋለን፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሥልጠና ደርሶ መጣና ነጭ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሥራ በመጣ ቁጥር ማርከሩን ከፍቶ «ሐሳብ አምጡ!» ይላል። የማር መሸጫ ሊከፍት የተነሣ ነጋዴ ለታፔላው አንድ ጥሩ አባባል ፈለገ። ተሰበሰብን። «ጣፋጭ ማር!» አለ ካሜራ ማኑ። ተጻፈ። «ንጹሕ የጎጃም ማር!» ተጻፈ። «ምርጥ፣ ንጹሕና ጣፋጭ የጎጃም ማር!» የቀደሙትን ሁለቱን የደመረው ሰዓሊው ነው፤ ተጨበጨበለት። እኔ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ጓዳ ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ በሩን ልከፍት ስል ሌላው ይጮኻል፤ ያንኳኳው ይሄዳል። «አንተስ?» አለኝ ጋሼ። «እያሰብኩ ነው» አልኩ። «እኛስ ምን እያደረግን መሰለኸ?» አለ ካሜራ ማኑ፤ ተሳቀ። ስብሰባው ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ የተመረጠው «ጥራት መለያችን ነው!» ሆነ። ከወር በፊት ለሲሚንቶ መሸጫ የሠራነው ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ያ የጠፋው መጣ። «ንቧ ፈርማበታለች።» እግሬ ሣፋ ውስጥ እንዳለ ለራሴ ሳቅኩ። ጠዋት ስደርስ ታፔላው ተሰቅሏል።

ይህን «ሐሳብ አምጡ» የሚሉትን ነገር ማን አመጣው ብዬ ባነብ አባቱ እንደኛው የማስታወቂያ ሰው ሆኖ አገኘሁት። አሌክስ ኦስቦርን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ከታላላቆቹ የማስታወቂያ ድርጅቶች የአንዱ መሥራች ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ተሰብስቦ ያለ ነቀፋ፣ ያለ ይሉኝታ ያገኘውን ሁሉ ቢያወጣ ለብቻው ከሚያስበው እጅግ ይበልጣል ብሎ ዓለምን አሳመነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተኑት። አራት አራት ሰው አንድ ላይ አስቀምጠው አሳሰቡ፤ ሌሎችን ደግሞ ለየብቻ አስቀምጠው አሳሰቡና የአራት የአራቱን ሐሳብ ደመሩት። ለየብቻ የተቀመጡት በለጡ፣ ያውም ወደ እጥፍ በሚጠጋ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቃል፤ ተራ ሲጠብቅ የራሱን ይረሳል። ውጤቱ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ስብሰባው ግን እስከ ማርቆስ ደርሷል፤ ውጤቱ አባይ በረሃን መሻገር አቅቶት ይሆናል።

እኔን የሚደንቀኝ ይህ ሁሉ የሚሆነው ጎጃም ላይ መሆኑ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ፈጠራ እንዴት እንደሚሠራ አላወቁም ይባላል። ይህ አገር ግን ነጭ ሰሌዳ ሳይታሰብ በፊት የፈጠራ ፋብሪካ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ዋሸራ በሉት፣ ጎንጅ በሉት፣ ዲማ በሉት፣ እዚሁ ቅርባችን ያለውን ደብረ ኤልያስን በሉት፣ የቅኔ ተማሪ ከየአገሩ ዱላውንና አኮፋዳውን ይዞ የሚጎርፍባቸው ናቸው። የሥራው ጠባይ ደግሞ ከኛ የከበደ ነው። ተማሪው ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም። በየቀኑ አዲስ፣ በግእዝ፣ በቤት የተመታ፣ ሰሙ አንድ ወርቁ ሌላ የሆነ ነገር ይዞ መምጣት አለበት። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ጉባኤ ቃና ስሟን ያገኘችው ከቃና ዘገሊላ ሠርግ ነው፤ የሠርግ ካርድ ጸሐፊ ነኝና ዝምድና እቆጥራለሁ።

ታዲያ የኔታ «ሐሳብ አምጡ!» ብለው ተማሪውን ክብ ሠርተው አያስቀምጡትም። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ብቻውን ዱር ይወጣል። ዛፍ ሥር ይቀመጣል ወይም ወዲያ ወዲህ ይላል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ጣቱን እያጠፈ ቤት ይቆጥራል። ቅኔ ቆጠራ ይሉታል። የዚህ ነገር ትልቁ ሀብት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መንገደኛው ያልፈዋል። ገበሬው በሬውን እየነዳ ያየዋል፣ ሚስትየዋ እንስራዋን አዝላ ታየዋለች፣ ማንም ቆሞ «ምነው ዘጋኸን?» አይለውም። «ቅኔ እየቆጠረ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ለዝምታ ፈቃድ ሰጥቶታል፤ ዝምታው ሥራ መሆኑን አውቆለታል። እኔ በሕይወቴ የምቀናው በሀብታም አይደለም፤ በዚያ ተማሪ ነው።

መሣሪያ አልጎደላቸውም ወይ ለሚል፣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ። በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋ የጎጃም ሴት ናቸው፤ ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው ጽላሎ ላይ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። ሰሌዳ የለ፣ ማርከር የለ፣ ተንሸራታች ስላይድ የለ። ሁሉም ነገር የሚሠራው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጭንቅላቱ ጸጥ ማለት አለበት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ልደብቅ አልችልም። የቅኔ ቤት የዓይን አፋሮች ገነት አይደለም። ያ ዛፍ ሥር ዝም ብሎ የተቀመጠው ልጅ ሲርበው አኮፋዳውን አንግቶ መንደር ይወጣል፤ በየደጁ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል። ውሻው ይወጣበታል። ባለቤቷ ትጠይቀዋለች፦ «አገርኸ የት ነው? ማን ጋር ነኸ? ከምን ደረስኸ?» ይመልሳል። ቁራሽ እንጀራ የሚያገኘው በአንደበቱ ነው። እኔ ለአንድ ደንበኛ ስልክ ለመደወል ግማሽ ቀን የምዘጋጅ ሰው እዚያ ብማር በረኃብ ነበር የማልቀው። ሲመሽ ደግሞ ጉባኤ አለ። ቀን የቆጠረውን በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይናገራል። ቤት ከጎደለ የኔታ ያስቆሙታል፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ከሰመረ «ይበል!» ይባላል፤ ያን ቃል የሰማ ተማሪ ለብዙ ቀን ያለ ቆሎ ይጠግባል ይባላል። ዝም ብሎ ቀርቶ «እኔ ግን ቆንጆ ቅኔ ነበረኝ» የሚል ተማሪ እዚያ ቤት አይታወቅም። እኔ ደግሞ የንቧን ነገር ይዤ ዝም ያልኩት ነኝ። እንግዲህ ዘራቸው ነኝ ስል ትንሽ ማፈሬ አልቀረም።

ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ዱር፣ ከዚያ ጉባኤ። የኛ መሥሪያ ቤት ጉባኤውን ይዞ ዱሩን ቆርጦታል። (ነገሩ ለአፍ አይደለም፤ ዛሬ ማርቆስ ዙሪያ ዱር ፍለጋ ብትወጣ የምታገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ጽድና ወይራው የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው።)

ከተማችን እኮ የምትኮራባቸው ሰዎች ሁሉ ከዚያ ዱር የወጡ ናቸው። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ተነሥቶ ነው አዲስ አበባ መድረክ ላይ ተውኔት ያቆመው። ሐዲስ ዓለማየሁ እዚሁ ጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፣ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ያወጡትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንሥታችሁ በእጃችሁ መዝኑት፤ ያን የሚያህል መጽሐፍ በስብሰባ አይጻፍም። በውስጡ ያለውን ጉዱ ካሣንም ተመልከቱ። የሚያስበውን ለብቻው የሚያጉተመትም፣ የመንደሩ ሰው «አብዷል» ብሎ የተወው፣ ከሁሉም በላይ ግን ነገር የገባው ሰው ነው። ዛሬ ማርቆስ ላይ ስለ ጉዱ ካሣ ብልኅነት የማይናገር የለም። ጉዱ ካሣ ራሱ መጥቶ ከቡናችን ጥግ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ግን ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ጠበል ይመከርለታል። ያ መጽሐፍ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገር ምድሩ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። እኔ ይህን ስሰማ የምደነቀው በመጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ዝም ማለቱ ነው።

እኔም የራሴን ዘዴ እየፈጠርኩ ነው የኖርኩት። ውጭ የሚለካ ታፔላ ካለ ሜትሩን ይዤ ቀድሜ እነሣለሁ። ደብረ ኤልያስ ወይም አማኑኤል የሚደርስ ዕቃ ካለ እኔ ነኝ የማደርሰው፤ ሚኒባስ ውስጥ ከማያውቁህ ሰዎች ጋር መጨናነቅ ከሚያውቁህ ጋር ከመቀመጥ ያሳርፋል። በስብሰባ ደግሞ ሐሳቤን ቀድሜ በብጣሽ ወረቀት እጽፍና ለሰዓሊው አቀብለዋለሁ፤ እሱ ተነሥቶ ይናገርልኛል። ይህን ሲያዩ የሚስቁብኝ አሉ። ለምን ይስቃሉ? በዚህ አገር ቤተ መንግሥት አፈ ንጉሥ የሚባል ሹመት ነበረ፤ ንጉሡ በገዛ አፉ አይናገርም፣ የሚናገርለት ሰው ነበረው። ለንጉሥ ክብር የሆነ ነገር ለግራፊክስ ዲዛይነር ነውር ሊሆን አይገባም። ችግሩ የኔ አፈ ንጉሥ ሐሳቡን ሲናገር የራሱን ይጨምርበታል። «ንቧ ፈርማበታለች» ቢሰጠው «ምርጧ ንብ በጥራት ፈርማበታለች!» ብሎ ነው የሚመልሰው።

ሙሉ ሰው የምሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ ልቅሶ ቤት። መሥሪያ ቤታችን ልቅሶ ሲሄድ ተሰብስቦ ነው የሚሄደው፤ እኔ ከፊት ነኝ። ገብተህ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ትላለህ፣ ድንኳኑ ጥግ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ዝም ነው። ማንም አይጠይቅህም። ዝም ባልክ ቁጥር እንዲያውም «አዛኝ ነው» ትባላለህ። ወሬኞቹ ባልደረቦቼ እዚያ ሲቁነጠነጡ ሳያቸው አንጀቴ ይርሳል። የሒሳብ ሠራተኛችን እናቷ ያረፉ ጊዜ ከሁሉም ቆይቶ የወጣው እኔ ነኝ። እሷም እንደኔ ብዙ አትናገርም። አንድ ቃል ሳንለዋወጥ አመሸን፤ በማግስቱ ግን «እንዳንተ ያጽናናኝ የለም» አለችኝ።

በመጨረሻ ነገሩን በጽሑፍ አቀረብኩ፤ በሌላ በምን ላቀርብ። አንድ ገጽ ጻፍኩና ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ታፔላ ልለካ ወጣሁ። ከማንኛውም ስብሰባ በፊት አንድ ሰዓት ሁሉም ለየብቻው ወጥቶ ያስብ፣ ያሰበውን ጽፎ ይምጣ፣ ከዚያ ጉባኤ ይሁን የሚል ነው። የዬሉን ጥናት ጠቀስኩ፤ የቅኔውንም ጨመርኩ። የጋሼ አባት መሪጌታ እንደነበሩ አውቃለሁ። ስመለስ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ወረቀቴን ጮክ ብሎ እያነበበላቸው ደረስኩ። ከመሬት በታች ልገባ ምንም አልቀረኝም። «እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዘኸ ነው ዝም የምትለን?» አለኝ። ሰዓሊው እዚያው ስሙን አወጣለት፤ የዱር ሰዓት።

የመጀመሪያው ዱር የተወጣው ለአንድ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ታፔላ ነው። አንድ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተበተንን። ሰዓሊው ግንባሩ ላይ የሣር ምልክት ይዞ መጣ፤ ተኝቶ ነበር። ካሜራ ማኑ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ የአረቄው ሽታ ተናገረበት፤ ወረቀቱ ላይ «ውሃ ሕይወት ነው» የሚል አለ። እኔ የጻፍኩትን ራሴው ቆሜ አነበብኩ፤ ድምፄ መሐል ላይ ሰለለ እንጂ አልጠፋም፤ ሰዓሊው ለወጉ «ይበል!» አለ። ከዚያ የሒሳብ ሠራተኛችን ቦርሳዋን ከፈተች፤ በደረሰኝ ጀርባ ላይ የጻፈችውን ሳትነሣ አነበበች። «ቧንቧዎ ዝም ይላል።»

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ ከተማ ደግሞ የሌለው የለም። «አንቺ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?» አለ ጋሼ። «እዚሁ» አለችው።

እሷን የሚጠይቃት አልነበረም፤ ሒሳብ ናት ተብሎ። አሁን ታፔላው ተሰቅሏል፤ ሰው ቆሞ እያነበበ ይስቃል። የዱር ሰዓት በዚህ ጸና። ጋሼ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት አደረገው።

ግን ወሬኛ ሕዝብ ነው፤ ለየብቻ መሄዱ ደበረው። በመጀመሪያ ካሜራ ማኑና ሰዓሊው «አንድ ዛፍ ይበቃናል» ብለው ተያይዘው መውጣት ጀመሩ። ቀጥሎ ሻይ የምታመጣው ልጅ ፔርሙዙን ይዛ ተከተለቻቸው። ከዚያ ጀበናው ራሱ ወጣ። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ዱሩ ውስጥ ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጋሼ መሐል ተቀምጦ፣ እርሻ የሚሄደው ገበሬ ሳይቀር ተጠርቶ ሐሳብ ይመጣል። እኔ ራቅ ብዬ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ስቀመጥ ከማዶ ያዩኛል። «ኧረ ለብቻኸማ አንተውኸም!» ብለው ስኒ ይዘው ይመጣሉ። ገበሬውም አብሮ ይመጣል።

ስለዚህ ማክሰኞ ሁሉም ዱር ሲወጣ እኔ ቢሮ መቅረት ጀመርኩ። የሒሳብ ሠራተኛችን ያን ሰዓት ባንክ ናት። ማሽኑ ቆሟል፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ የሚለኝ የለም። ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ የሠርግ ካርድ የሚሆን ነገር ጫፉን ይዤ፣ ጣቴን እያጠፍኩ ቤት ስቆጥር በሩ ተከፈተ። ጋቢ የደረቡ አባት ናቸው፤ የልጃቸውን ሠርግ ካርድ ሊያሠሩ የመጡ። ከብርሃን ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓይናቸው ቶሎ አልለየም መሰለኝ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች እየተዘዋወሩ ተመለከቱ።

«ሰው የለም እንዴ?» አሉ።

ተነሣሁ። «ኖር! አለሁ፣ አባባ።»

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ያወቁኝ መሰለኝ፤ ወሬዬ ደርሷቸው ይሆናል።

«በእግዜር» አሉ። «አይ፣ የሚያናግር ሰው ማለቴ ነው።»